ደምቢያን ያመሰገንኩበት ቀን

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔም ስልሳ ስድስት ሞልቶኝ ነበር። ያን ዘመን ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ዘውዲቱ ቁም ሳጥን ስታጸዳ አሮጌ ስልኬን አገኘችና "አባባ፣ ይሄን ልጣለው?" ብላ ሰጠችኝ፤ እኔም ከመጣሉ በፊት አሸተትኩት። ስልክ ይሸተታል ወይ የሚለኝ ሰው ካለ፣ አዎን ይሸተታል፤ ሠላሳ ዓመት ጎንደር ላይ ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ዕቃውን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። ድምፅ በሚወጣበት ቀዳዳ ውስጥ የገብስ ዱቄትና የበርበሬ ብናኝ አንድ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ሁለት ጊዜ አስነጠሰኝ፤ ሳስነጥስ ወርቁ ትዝ አለኝ፣ ዳኛው ትዝ አለኝ፣ ጥሩነሽም ትዝ አለችኝ። "አትጣይው፣ ቻርጅ አድርጊልኝ" አልኳት።

አራታችን የአንድ ሠፈር ልጆች ነን። ሠፈራችን ወገራ ነው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ታች በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ገብሱ ላይ ጨው የተነሰነሰ መስሎ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣም ምድሩ እንደ ድስት ይተናል። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር ነበር፤ መጽሐፉም ለአራት ልጅ አንድ። መጽሐፉን መሬት ላይ ዘርግተን አራታችን በአራቱ ጎን በደረታችን እንተኛለን፤ ወርቁ በግርጌው፣ ዳኛው በግራ፣ ጥሩነሽ በቀኝ። እኔ በዕድሜ አንድ ዓመት ስለምበልጣቸው ራስጌው የእኔ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። የራስጌው ክብር እንጂ ጉዳቱ አልታየኝም፤ ዓመት ሙሉ ፊደሉን ሁሉ እንደተዘቀዘቀ ተማርኩት። አንድ ቀን መምህሩ ብቻዬን አስነስተው መጽሐፉን ቢሰጡኝ ገልብጬ ያዝኩትና ጥርት አድርጌ አነበብኩላቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወርቁ ብቻ አልሳቀም። በማግሥቱ ማንም ሳይነግረው ቀድሞ መጥቶ ራስጌው ላይ ተኛና ግርጌውን ተወልኝ፤ እኔ ግን እልኸኛ ነኝና ቦታዬን ቀማኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ሁለተኛ ክፍል ላይ አባቴ ሲሞት ትምህርቱን ተውኩት። ዛሬም ሳነብ ምስር እንደሚለቅም ሰው ነኝ፣ አንድ በአንድ።

ወርቁን ያሳደገው ወንድሙ ተገኘ ነው። እናት አባታቸው በልጅነታቸው አልቀው፣ ተገኘ ራሱ ጢሙ ሳይበቅል የቤት አባወራ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ስለነበር ክረምት ውሃው ሲሞላ እየጠበቀ በትከሻው ያሻግረናል፤ ወርቁን ብቻ ሳይሆን አራታችንንም፣ በየተራ። ትከሻው የእርጥብ በርኖስና የላም ወተት ሽታ ነበረው። እሱ ፊደል አልቆጠረምና የሚያስከፍለን አንድ ነገር ነው፤ ውሃው መሐል ሲደርስ ቆም ብሎ "ዛሬ ምን ተማርክ?" ይላል። ካልነገርከው አይንቀሳቀስም፤ ውሃው ከሥር እየጮኸ፣ አንተ አንገቱን አንቀህ፣ ያልተማረውም አሳምሮ ይዋሻል። እኔ አንድ ቀን "ዝሆን ክንፍ አለው ተባልን" ብዬው አምኖ ለሠፈሩ ሁሉ አውርቷል።

ከዚያ ዕድሜ በተነን። ዳኛው አዲ አርቃይ ወርዶ መንገድ ዳር ሱቅ ከፈተ፤ ወርቁ ደምቢያ አግብቶ እዚያው ቆላ ድባ ላይ ገበሬ ሆነ፤ ጥሩነሽ እዚያው ሠፈሩ ላይ የተገኘ ጎረቤት ሆና ቀረች፤ እኔ ጎንደር ከወፍጮዬ ጋር። የምንገናኘው ለቅሶና ሠርግ ሲያገናኘን ነበር። በዚያው በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ዘውዲቱ አራታችንን በቴሌግራም ግሩፕ ሰበሰበችን። ስሙን ዳኛው "አንድ መጽሐፍ" አለው። ጽሑፍ ለአንዳችንም አልሆነም፤ በድምፅ ሆነ። ተጭኖ ማውራት፣ ጣት ሲለቁ ይሄዳል።

ጠዋት ጠዋት ሰላምታው ይጀመራል። የእኛ አገር ሰላምታ በአንድ ቃል አያልቅም፤ እንደምን አደራችሁ፣ ልጆች እንደምን አደሩ፣ ከብቱ እንደምን አደረ፣ ዝናቡ እንደምን ነው፣ ተመስገን፣ እናንተስ እንደምን አደራችሁ፤ ይህንኑ እያንዳንዳችን ለሦስቱ ስንመላለስ ፀሐይዋ ከጣራ በላይ ትሆናለች። ዳኛው "አያ ሙጨ፣ ወፍጮውን አጥፋና አውራ!" ይለኛል፤ ወፍጮው ጠፍቶ እንኳ እጮሃለሁና "ጠፍቷል እኮ" ስለው "እንግዲያ አንተን ማን ያጥፋህ?" ይላል። ጥሩነሽ የገበያውን ወሬ ታመጣለች፤ ማን በግ ሸጠ፣ የማን ዶሮ ጠፋች፣ ተገኘ ምን አለ። ተገኘ ስልክ አይነካም፤ የወርቁ ሰላምታ ግን በእሷ በኩል በየቀኑ ይደርሰው ነበር።

ከወርቁ ጋር የእኛ ጨዋታ ስድብ ነው። እኔ የደምቢያን ምድር አላመሰግንም፤ ክረምት ከዋልካው ጭቃ እግርህን ስታወጣ ጫማህ ይቀራል፣ ቢንቢውም ዶሮ ያክላል። "አንተ ጭቃ ለቃሚ" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ "አንተ ውርጭ ያጨማደደህ፣ ወገራ ከገብስና ከጉንፋን በቀር ምን ያበቅላል?" ይለኛል። ይህ አንድ ቀን አልቀረም። ታምሜ እንኳ ተኝቼ ሰድቤዋለሁ።

በኅዳር ወር በአንዱ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጥሩነሽ በግሩፑ ሳይሆን ለብቻዬ ደወለች። ካርድ ያልቃል እያለች ደውላ አታውቅም።

"አያ ሙጨ፣ ቆመሃል ወይስ ተቀምጠሃል?"

"ወፍጮ ላይ ነኝ፣ ምነው?"

"እንግዲያ ተቀመጥ።"

ተገኘ ማታ ራቱን በልቶ ተኝቶ፣ ጠዋት ቢቀሰቅሱት አልነቃም። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ነው። ወርቁ ከቆላ ድባ ተነስቶ፣ ጎንደርን አልፎ፣ ከመኪና ወርዶ ሁለት ሰዓት በእግር ቢሄድም አይደርስም፤ ደግሞ ደም ብዛት አለበት፣ ባለፈው ዓመት ማሳ ላይ ወድቆ በሰው ነው የተነሳው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌዎች ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ዙሪያውን ይዘው ነው የሚነግሩት፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። የሠፈሩ ሰው ተመካክሮ ለወርቁ የሚቀርበው ጎንደር ያለው ሙጨ ነው፣ እሱ ይሂድ ብሏል።

"እኔ አፌ አይችልም፣ ሌላ ፈልጉ" አልኳት። እውነቴን ነው፤ የልቤን ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም።

"አፍህን እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ያዘው" አለችና ዘጋችው።

ዳኛውም ወዲያው ደወለ። "ዝም ካልን ይጠረጥራል። እንደ ወትሮው እናውራ፤ አንተም እንደ ወትሮህ ሁን" አለኝ።

እናም ያን ቀን በሕይወታችን ያላወራነውን ያህል ስለማይረባ ነገር አወራን። ጥሩነሽ ከለቀስተኛው ወጥታ ከገብስ ክምር ኋላ ተከልላ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውርጩ ባቄላውን አልጎዳም እያለች ላከች፤ ድምፅዋ ሻክሮ ነበርና "ጉንፋን ይዞኛል" አለች። ዳኛው ከአዲ አርቃይ፣ ዶሮ ገዝቶ ጋቢና ውስጥ ስለለቀቃት የከባድ መኪና ሹፌር አንድ ረጅም ታሪክ አወራና ራሱ ሳቀ፤ ሳቁ መጨረሻው ላይ እንደ ሳል ሆነ። እኔ ወፍጮውን ዘግቼ በሚኒባስ ቆላ ድባ ገባሁ፤ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በጓሮ በኩል ወደ ወርቁ የነፍስ አባት ቤት ሄድኩ። ቄሱ ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው። እዚያ ተቀምጬ "ጎንደር ዛሬ ብርድ ነው" ብዬ ለግሩፑ ዋሸሁ፤ ወርቁ ከእኔ የአንድ ድንጋይ ውርወራ ያህል ብቻ ይርቃል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወርቁ ከማሳው ላከ። ነፋሱ በድምፁ ውስጥ ይሰማል።

"እንደምን ዋላችሁ! ጤፌን አጭጄ ጨረስኩ። ጥሩነሽ፣ ለተገኘ ንገሪው፣ ለገና በአህያ ጭኜለት እመጣለሁ በይው። አያ ሙጨ፣ ያን የውርጭ ገብስህን ቆርጥመህ ስታበቃ መጥተህ ጤፍ እይ! ወገራ ይሄን በሕልሙም አላየ!"

መልሱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አርባ ዓመት ያልኩት ነው። ተጫንኩና አፌን ከፈትኩ። ከቄሱ መስኮት ሜዳው ይታየኛል፤ ያጨዱት ጤፍ በየቦታው ተከምሮ የማታ ፀሐይ አርፋበታለች፣ የሰው ጥላ ረዝሞ ይሄዳል፤ ምድሩ በእውነት ያምራል። "ለተገኘ ንገሪው" ያለው ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከአፌ የወጣው ይህ ሆነ፤

"እውነትህን ነው ወርቁዬ። ደምቢያ ሸጋ አገር ነው። ጤፍህም ሸጋ ነው። እግዚአብሔር ይባርክልህ።"

ጣቴን ለቀቅኩ። ሄደ።

ዳኛው ሰከንድ አልቆየም፣ ደወለ። "አያ ሙጨ፣ አብደሃል? ደምቢያን አመሰገንክ እኮ!"

"ምን ልበል ታዲያ?"

"ስደበው እንጂ! አሁኑኑ ስደበው!"

ተጫንኩና "ጭቃው ግን… ጭቃው ጭቃ ነው" አልኩ። እንዲህ ያለ ስድብ በዓለም ላይ ተሰምቶ አያውቅም።

እኔ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የታመመ ሰው እንደሚጠብቁ ሳየው ቆየሁ። ገደልኩት እያልኩ ነው፤ ብቻውን ማሳ ላይ ቆሞ፣ የሚይዘው ሰው በሌለበት፣ እኔ ባለጌው በሁለት መልካም ቃል መርዶውን ነገርኩት። ቄሱን ሰው ይላኩ፣ ቤቱ መግባቱን ይዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። የተላከው ሰው ተመልሶ "በሬዎቹን እየነዳ ገብቷል፣ ማንንም አላናገረም" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ገና ድንግዝግዝ ሳለ፣ ድምፁ መጣ። ጨዋታ የለበትም።

"እንደምን አመሻችሁ። ነገ ማሳ አልወርድም፤ ጠዋት ቤት ነኝ። ጥሩነሽ፣ ጉንፋንሽን ይማርልሽ። ዳኛው፣ ደህና እደር። አያ ሙጨ፣ ጠዋት ይበርዳልና ደረብ አድርገህ ውጣ።"

የሞተው ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ስልኩ ሊነግረው ነው፤ እሱም እንደኛ ሥርዓቱን ያውቃል።

እነዚህን ድምፆች ቅዳሜ ዕለት ከአሮጌው ስልክ ደግሜ ሰማኋቸው። ሁሉም አሉ፤ ነፋሱ አለ፣ የዳኛው ሹፌርና ዶሮዋ አሉ። ዳኛው ግን የለም፣ ሦስት ዓመት ሆነው። ወርቁም ካቻምና ጤፍ ሲወቃ ወድቆ ሁለተኛ አልተነሳም። ጥሩነሽና እኔ ቀርተናል። ግሩፑን አልዘጋነውም፤ ዛሬም ጠዋት እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ እንባባላለን፤ ያ ረፋድ ድረስ የሚሄድ የነበረው ሰላምታ አሁን የጫማዬን ክር ሳላስር ያልቃል። ለሁለት ሰው ቀኑ ረጅም ነው። ጥሩነሽ አትሰድበኝም፤ አፏ ጨዋ ነው። በጎንደር ከተማ ይህን ያህል ሕዝብ እያለ እኔን ውርጭ ያጨማደደህ የሚለኝ አንድ ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ ያከብረኛል፣ ክብርም እንደ ወፍጮ ጩኸት ብቻህን ያስቀርሃል።

ወደዚያ ኅዳር ልመለስ፤ በማግሥቱ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከቄሱና ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ወደ ወርቁ ቤት ሄድን። በሩ ክፍት ነው። ግቢው ተጠርጓል፤ አግዳሚ ወንበሮች በመደዳ ወጥተዋል፣ የሚመጣውን ሰው እንዲበቁ። እሱ ጋቢውን ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ አላለቀሰም፤ ሳይነገረው አልቅሶ ድካማችንን ከንቱ ማድረግ አልፈለገም። ዓይኑ ግን ዘመዶቹን አንድ በአንድ ሲቀብር ያደረ ሰው ዓይን ነው፤ ማን እንደሆነ አያውቅምና ሁሉንም ቀብሯል። ቄሱ እንደ ደንቡ ከአዳም ጀመሩ። ወርቁ እሳቸውን አልሰማም፤ የሚያየው እኔን ነው። አባቴ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አቋረጥኳቸው።

"ወርቁ፣ ተገኘ ነው። ከትላንት ወዲያ ማታ ተኝቶ አልነቃም። አልተሠቃየም።"

"ተገኘ" አለ። ከዚያ ተነሳ፤ በሁለት ወገን ያዝነውና ያን ጊዜ አለቀሰ፣ እንደ ልጅ፣ አባቴ እያለ። ሲደክመው አስቀመጥነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለሁለቱ "ነገርነው" አልኩ፤ ይህንኑ ብቻ። ወዲያው መጣ፤ መጀመሪያ ጥሩነሽ፣ ከተገኘ ደጅ፣ ከለቀስተኛው መሐል ሆና ስሙን እየጠራች፤ ከዚያ ዳኛው፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ቃል የሌለው ልቅሶ ብቻ። ስልኩን ከወርቁ ጆሮ አስጠግቼ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየነካሁ፣ ክንዴ እስኪዝል ያዝኩለት።