ሞልታ ስትነሳ ቶሎ የምትጠፋ ሞተር

አልታየች ገብረአብ በአንኮበር ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የቄስ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ደጋው ላይ ነው። ሥራዋ ግን የሚበዛው ቆላ ወርዳ ከአልዩ አምባ ወዲያ ካሉ ፍየል አርቢዎች ዘንድ ነው። ዶክተር ይሏታል። ዶክተር አይደለሁም ብላ ማረሙን ከተወችው ቆይታለች።

ጽሕፈት ቤቱ የሰጣትን ሞተር ሳይክል ከእሷ በፊት ሦስት ሰዎች ነድተዋታል። የድሮ ሥሪት ናት፤ ባለ ካርቡሬተር፣ በእግር ተረግጣ የምትነሳ። ለዓመታት አላስቸገረቻትም ነበር። ካለፈው ነሐሴ መጨረሻ ወዲህ ግን መንገድ ላይ መጥፋት ጀመረች።

ጠባይዋ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጠዋት ባንድ ርግጫ ትነሳለች፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ትሄዳለች፣ ከዚያ ጉልበት ታጣለች፣ ሁለት ሦስቴ ታስላለች፣ ጸጥ ትላለች። አልታየች ወርዳ ብትረግጥ፣ ብትረግጥ፣ አትነሳም። ቤንዚን አልቆ እንደሆነ ብላ ክዳኑን ከፍታ ታያለች፤ ቤንዚኑ አለ። ክዳኑን ትገጥምና ላቧን ጠርጋ እንደገና ስትረግጣት ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ትነሳለች። እንደገና ሃያ ደቂቃ።

ከመጥፋቷ ይልቅ አልታየችን ያንገበገባት ምክሩ ነበር። በመንገዱ የሚያልፍ ሁሉ ይመክራል። አንዱ ብርዱ ነው ይላታል፣ ሌላው ሙቀቱ ነው ይላታል። የጭነት መኪና ሾፌር ሳይቆም በመስኮት፣ "እህቴ፣ ቤንዚን መኖሩን አይተሻል?" ብሏት አልፏል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደተንሣኤ ደግሞ አንድ ቀን በስብሰባ መሀል፣ "ወንዶቹ ሲነዷት እኮ እንዲህ አልነበረችም" አሉ።  

ደብረ ብርሃን ያለው መካኒክ ፍሥሐ አምስት ጊዜ ፈታት። ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጠበ፣ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ ፊልትሮ ቀየረ።

"ደጋው ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ቆላ ስትወርጂ ይወፍራል" አላት። "ካርቡሬተሩ ግራ እየገባው ነው።"

"ሜዳው ላይም እኮ ትጠፋለች።"

"እንግዲያው ቆሻሻ ነው።"

እሱ ዘንድ ሁልጊዜ ትነሳለች። ለሙከራ ከተማ ውስጥ አዙሯት ሲመለስ አትጠፋም። "ይኸው፣ ምንም የላትም" ይላታል። አንኮበር ሳትደርስ ግን ትቆማለች።

በጥቅምት ነገሩ ከብስጭት አለፈ። ከአልዩ አምባ በታች የሚኖሩት ጋሽ ያሕያ አርባ ፍየል አላቸው። ደስታ መሰል የሚሉት ፍየል የሚፈጅ በሽታ አጎራባች ቀበሌ ገብቶ ስለነበር፣ አልታየች ለክትባት ቀን ሰጠቻቸው። ክትባቱ የሚመጣው ከደብረ ብርሃን ነው፣ በበረዶ ሳጥን። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ አምስት ጊዜ ቆማ ስትደርስ በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል፤ ክትባቱን ደፋችው። በሁለተኛው ቀን ከግማሽ መንገድ ተመለሰች። ጋሽ ያሕያ ሁለቱንም ቀን ፍየሎቹን በረት ዘግተው ሲጠብቁ ውለዋል።

መመለሷን ልትነግራቸው ስትደውል፣ "ልጄ፣ የተዘጋበት ፍየል ቅጠል አይበላም" አሏትና ስልኩን ዘጉት።

በማግሥቱ ጠዋት አልታየች ወደ ፍሥሐ ላለመሄድ ወሰነች። በሙያዋ የታመመ በሬ ሲመጣላት መርፌ ከማንሳቷ በፊት መቼ ጀመረው፣ ምን በላ፣ መቼ ይብስበታል ብላ ትጠይቃለች። ለዚህች ሞተር ይህን የጠየቀላት የለም፤ አምስት ጊዜ አንዱን መርፌ ነው የወጓት። በክትባት ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለንዴቷ ማስተንፈሻ የጻፈችው ነገር ነበር፤ ስንት ደቂቃ ሄደች፣ የት ጠፋች፣ ቤንዚኑ ምን ያህል ነበር። ቁጭ ብላ አነበበችው። ቤንዚኑ ግማሽ ሲሆን እስከ ግማሽ ሰዓት ሄዳለች። ሞልታ በተነሳችበት ቀን ሁሉ ግን አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ ላይ ጠፍታለች።

ደግማ አየችው። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቆሻሻ ቢኖር የቤንዚን ማጠራቀሚያው ሞላ ጎደለ ምን ቸገረው?

ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሞተሯን አቁማ ቤንዚኑን እስከ አፉ ሞላችና ክዳኑን አጠበቀች። ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደውን ቱቦ ነቅላ ጫፉን በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችው። መክፈቻውን ስታዞር ቤንዚኑ ደህና ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ቀጠነ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ አለና ቆመ። ማጠራቀሚያው ገና ሙሉ ነው። እጇን ሰድዳ ክዳኑን ስትፈታው ፍስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ቤንዚኑም እንደ ምንጭ ፈሰሰ። ክዳኑን ገልብጣ አየችው። ከጎማ ከመነዳሪ በክብ የተቆረጠ ቁራጭ ከውስጥ በኩል ተለጥፎ የአየር ማስገቢያዋን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ ደፍኗታል። ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር ቦታውን የሚተካ አየር አይገባም፤ ስለዚህ ቤንዚኑ መውረዱን ይተዋል። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ደግሞ ውስጡ የቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይቆማል።

ወዲያው ለፍሥሐ ደወለች።

"ክዳኑ ውስጥ ጎማ የለጠፈው ማነው?"

ፍሥሐ አሰበ። "እኔ ነኝ። ነሐሴ ላይ ዝናብ እየገባባት አስቸገረኝ፣ ውሃ እንዳይገባ አድርግልኝ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

አልታየች ትዝ አላት። ብላዋለች።

"አምስት ጊዜ ስትፈታት ያንን ክዳን አምስት ጊዜ ከፍተኸዋል" አለችው።

"ከፍቼዋለሁ። ለካ ለዚያ ነው እኔ ጋ ስትመጣ የምትነሳው" አለ ፍሥሐ፣ እንደ መሳቅ ብሎ።

እሷ አልሳቀችም። እሷም መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ከፍታ ገጥማዋለች። በእሱ እንዳትናደድ ያዘዘችው ራሷ ናት፤ ከራሷ በቀር ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ያልከሰሰችው ነገር አልነበረም፣ ብርዱን፣ ዳገቱን፣ ቤንዚን ቀጂውን። ጎማውን በካቻቢቴ ፈንቅላ ጣለችው፣ ቀዳዳዋን በመርፌ ጠረገች።

ማክሰኞ ክትባቱን ይዛ ከደብረ ብርሃን ተነስታ አንድም ጊዜ ሳትቆም ጋሽ ያሕያ ደጅ ደረሰች። በረቱ ባዶ ነበር።

"እመጣለሁ ብዬዎት ነበር እኮ" አለቻቸው።

"ብለሽኛል። ያለፈውን ሁለት ጊዜም ብለሽኛል።" ከተቀመጡበት ሳይነሱ ቀና ብለው አዩዋት። "ባለፈው ሳምንት ሁለት ግልገል ሞቱብኝ።"

ስለ ክዳኑ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፣ ተወችው። "በረዶው እስከ ማታ ይቆያል። እጠብቃለሁ" አለች።

 ጋሽ ያሕያ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ቁጥቋጦው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ሃያ ስድስቱን ነድተው መጡ፤ የቀሩት ርቀዋል። የፍየሎቹን ቀንድ ራሳቸው እየያዙላት ሁሉንም ከተበች።

"የቀሩትን ሐሙስ" አለቻቸው ሳጥኗን እያሰረች።

"ሐሙስ ኢንሻአላህ። ስትደርሺ ግን ደውዪልኝ፣ ያኔ እዘጋቸዋለሁ" አሉ። "ቀድሜ አልዘጋም።"

ሐሙስ ደርሳ ደወለች። የቀሩትን አሥራ ሁለቱንም ከተበቻቸው። በወሩ ሪፖርት ላይ የሁለቱን ግልገሎች ሞት ስትመዘግብ፣ የመዘግየቱን ምክንያት የሚጠይቅ ጠባብ ሳጥን ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው "የትራንስፖርት ችግር" ብላ ሞላችውና፣ ወረቀቱን ለአቶ ወልደተንሣኤ ጠረጴዛቸው ላይ ጣል አድርጋላቸው ወጣች።