የእማማ ፉሚ ማጀት

ባለፈው ቅዳሜ ጀርመንታውን ወዳለ የእስያ ሱቅ ከልጄ ጋር ሩዝ ልንገዛ ገብተን፣ የታሸገ የባህር ቅጠል ከመደርደሪያ አንስቼ አፍንጫዬ ላይ እንዳስጠጋሁ ያዘችኝ። ቅጠሉ የደረቀ ነው፤ ጥቁር ሆኖ ላዩ ላይ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። በፕላስቲክ ታሽጎም የባህሩ ሽታ ይወጣል።

«ዳድ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ከአባቷ ጋር መታየት የሚያሳፍርበት ዕድሜ ላይ ናት።

«ከዚህ ሾርባ መሥራት እችላለሁ።»

«አንተ? እንቁላል እኮ ታሳርራለህ።»

እውነቷን ነው፤ ቤታችን ምድጃው የእናቷ ነው። ሆኖም ቅጠሉን ገዛሁና፣ ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ የሚከተለውን ነገርኳት።

ሜሪላንድ የመጣሁት አልፌ ልሄድ ነበር። ሐሳቤ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ጽጌ ቤት ሁለት ሳምንት አርፌ ወደ ሲያትል መቀጠል ነበር፤ ሁለቱ ሳምንት ዓመት አለፈው። የምተኛው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ያለችው አንዲት መስኮት ከጣሪያው ሥር ስለሆነች የመንገደኛ ጫማና የመኪና ጎማ ብቻ ነበር የምታሳየኝ። ሥራዬም ክሪስታል ሲቲ፣ ከሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። ከምድር በታች እየተኛሁ ከምድር በታች እሠራለሁ። ያኔ ግጥም እሞክር ነበር፤ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያየሁትን መጻፍ ብቻ ነው የማውቀው። ያን ዓመት የጻፍኩት ሁሉ ስለ ጫማ ሆነ።

በዚህ መሐል ሲያትል የሚኖር ሀብታሙ የሚባል የሰፈሬ ልጅ ደወለ። ትራክ ነጂ ነው። «ሰኞ በእናንተ በኩል አልፋለሁ። ሻንጣህን ይዘህ ጠብቀኝ። ክፍልም ሥራም አግኝቼልሃለሁ» አለኝ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ያለኝን ሁሉ አንድ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

አክስቴ ጽጌ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁለት ጃፓናዊ ባልና ሚስት ትጦር ነበር፤ ሥራዋ ሆም ኬር ነው። ሴትየዋን እማማ ፉሚ፣ ባልየውን አባባ ኬን ትላቸዋለች። ከመሄጃዬ በፊት ባለው ዓርብ ፌርፋክስ ክርስትና ተጠራችና ለመነችኝ።

«ይርጉዬ፣ እስከ ሰኞ ብቻ ተካልኝ። አባባን ደገፍ አድርገህ ማስነሳትና ማስቀመጥ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።»

«ምግብስ?»

«የምን ምግብ? ማጀቷን ማን ያስረግጥሃል? እኔ ስንት ዓመቴ፣ ውሃ እንኳ ጥጄ አላውቅም።»

ከእነሱ ቤት ቀጥታ ከሀብታሙ ጋር እንገናኛለን ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ሄድኩ። ቤቱ ጠባብ፣ ቀይ ሸክላ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተጣበቀ ነው። እማማ ፉሚ አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ሽበታቸውን ከጆሯቸው ሥር የቆረጡ ሴት ናቸው። አባባ ኬን ረጅም ነበሩ፤ መራመጃ ብረታቸው ላይ ሲደገፉ ግን ከሚስታቸው ጋር ቁመታቸው እኩል ይሆናል። ጫማዬን በር ላይ አስወልቀው ሻይ ሰጡኝ።

በረዶው ዓርብ ከሰዓት ጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ዳር የቆሙት መኪኖች ነጭ ጉብታ ሆነዋል። የውጪውን የመስተዋት በር በትከሻዬ ብገፋው አልነቃነቅ አለ። አውቶቡስም ባቡርም ቆሟል ተባለ። አክስቴ ፌርፋክስ ቀረች፤ እኔ እዚያ። ሀብታሙም ደወለ።

«ኦሃዮ ላይ ቆሜያለሁ። መንገዱ ሲከፈት ኮል አደርግሃለሁ።»

«ትተኸኝ እንዳትሄድ።»

«ካገኘሁህ እወስድሃለሁ፤ ካላገኘሁህ ግን ትራክ ነው እንጂ ታክሲ አይደለም፤ ዞሬ አልፈልግህም።»

ያን ቀን ሙሉ ከፊት መስኮት ወደ ኋላ መስኮት ስመላለስ ዋልኩ። ከፊትም ከኋላም ነጭ ነው። ቢያንስ ቤዝመንቴ ጫማ ነበረው። በመጨረሻ እማማ ፉሚ ከማጀት ብቅ አሉ።

«ወለሌን ልትጨርሰው ነው። ና፣ እጅህን ታጠብ።»

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ሩዝ ማጠብ፦ በጣቶች ቀስ እያሉ ማዞር፣ ውሃውን መድፋት፣ እንደገና መሙላት፣ ነጭነቱ እስኪለቅ። ከዚያ ሾርባ። ይህ ጥቁር ቅጠል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በቀስታ ይሞቃል፣ ውሃው ሊፈላ ሲል ይወጣል። ከዚያ እንደ እንጨት የደረቀ ዓሣ በአናጢ መላጊያ ዓይነት ነገር ይፋቅና ፍቅፋቂው ይጨመርበታል። ይጠለላል። እንደ አዋዜ የታሸ የአኩሪ አተር ቡኮ መጨረሻ ላይ ይበጠበጥበታል። ሽንኩርት አይቁላላም፣ ምንም አይንተከተክም። እኔ ደግሞ ያደግሁት ወጥ የሚባለው ነገር ድምፁ ሳሎን ካልተሰማ አልበሰለም በሚባልበት ቤት ነው። እሳቸው ዞር ሲሉ እሳቱን ከፍ አደርጋለሁ፤ ሲመለሱ ምንም ሳይናገሩ ዝቅ ያደርጉታል። እንዲህ ስንጓተት ዋልን።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ። ጠዋት ላይ እንቁላል ጠቅልለው ሲያቀርቡልኝ አልበላም አልኩ። ዓሣውንም አልነካም። ቢላውን አስቀምጠው ቀረቡኝ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም።»

«እኛ ዘንድ ሥጋና ዓሣ የሚተወው ሐዘን የገባው ሰው ነው። አትደብቀኝ።»

«እኛም ለአንድ ሰው ነው የምንጾመው» አልኩ፤ እንግሊዝኛዬ ከዚያ በላይ አላራመደኝም። «ግን በፋሲካ ይነሳል።»

እማማ ፉሚ ጥቂት አሰቡና በቋንቋቸው ለባላቸው ነገሯቸው። አባባ ኬን ሳቁ።

«ምን አሉ?»

«ቀኑ ከታወቀ ጥሩ ነው ይላል።»

ከዚያ በኋላ ግን ሳልጠይቃቸው ዓሣውን ከፍ ካለ ቁምሳጥን ውስጥ አስገቡት። በምትኩ የደረቀ እንጉዳይ ከቅጠሉ ጋር ዘፈዘፉ። ይህ የመነኮሳት ምግብ ነው አሉኝ፤ እናታቸው ሰው ሲሞት ይሠሩት ነበር። ካሮት፣ ክንድ የሚያህል ነጭ ሥር፣ ከአኩሪ አተር የተሠራ አይብ መሳይ ቶፉ። ቤቱ በሙሉ ከእኔ ጋር ጾመ።

አክስቴ ደወለች። «ምን እየበላህ ነው?»

«ሾርባና ሩዝ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«የት ሆነህ?»

«ማጀት።»

«ጎሽ፤ እንግዲህ ባል እፈልግልሃለሁ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ። «እኔን አንድ ቀን ቢላ አቀብዪኝ ብላኝ አታውቅም።»

አንድ ነገር እንዳለ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ልቤ መንገዱ ላይ ስለነበር አለፍኩት። በማግስቱ ደግሞ ሌላ በረዶ በፊተኛው ላይ ወረደበት።

ረቡዕ እራቱን ብቻዬን ሠራሁ። እማማ ፉሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ብቻ ሲከታተሉኝ ቆዩ፤ አንዴም አልተነሱም። ገበታው ሲቀርብ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እጄ የለመደውን ማድረግ አማረው። ከቶፉው ደህናዋን ቁራጭ መረጥኩና፣ በእጅ ማጉረስ ነውር ይሆናል ብዬ፣ በሁለቱ የመብያ እንጨቶች ቆንጥጬ ወደ አባባ ኬን ዘረጋሁ። አፋቸውን ይከፍታሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደንገጥ ብለው የራሳቸውን እንጨቶች አነሱና ከእኔ እንጨት ጫፍ ላይ ተቀበሉኝ።

እማማ ፉሚ ሳህናቸውን አስቀመጡ። አባባ ኬን ቶፉውን እንደያዙ ቀሩ፤ መብላትም መመለስም አልሆነላቸውም።

«እንዲህ የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉኝ እማማ ፉሚ። «ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ፣ አጥንቱን ቤተዘመዱ ከእንጨት ወደ እንጨት እየተቀባበለ ያነሣል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ማጉረስ እኛ ዘንድ ፍቅር እንደሆነ፣ ይህን የማደርገው ለምወደው ሰው እንደሆነ ለማስረዳት ተንተባተብኩ። አባባ ኬን ቶፉዋን ዋጥ አደረጉና «ጣፋጭ ነው» አሉ። እማማ ፉሚ ግን አላቆሙም።

«መንገድ ሲከፈት ሆስፒታል እገባለሁ። ሆዴን ይከፍቱታል። መቼ እንደምወጣ፣ መውጣቴንም አላውቅም። እሱ ከእኔ እጅ ሌላ አይበላም። አንድ ጊዜ ታምሜ ስተኛ ሳምንቱን በሻይ ብቻ ገፋው።»

«ታዲያ አክስቴን ለምን አላስተማሩም?»

«አክስትህ መኪና አላት። ሌሎችንም ሞክሬያለሁ፤ ሁሉም ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ የምፈልገው መሄጃ የሌለው ሰው ነበር።»

ይህን ያሉት ያለ ምንም ክፋት ነው፤ የጎደለ የቤት ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው። እኔ ግን ተናደድኩ። በረዶው በሩን ሲዘጋብኝ ሴትየዋ ውስጥ ሆነው ሌላ በር እየዘጉብኝ ነበር፤ ሩዝ እያጠብኩ፣ ካሮት እየላጥኩ አልነቃሁም። ሲያትል የሚጠብቀኝ ሰው አለ አልኳቸው። «አውቃለሁ፤ ሻንጣህን በር ላይ አይቼዋለሁ» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቢለምኑኝ እምቢ እል ነበር።

ዓርብ ጠዋት በረዶ ጠራጊው መኪና መጣ። አክስቴም ተከትላው ደረሰች። እማማ ፉሚ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባላቸውን ጎንበስ ብለው ተሰናብተው ወጡ። እኔን ሲያልፉ ለብሼው የነበረውን ሽርጣቸውን ከአንገቴ ላይ አስተካከሉት።

አክስቴ መኪናዋ ዘንድ ያዘችኝ። «ሀብታሙ ጋ ሂድ። አድርሻት እመለሳለሁ።»

«ማን ያበስልላቸዋል?»

«ሽሮ እሠራላቸዋለኋ።»

«አይበሉም።»

«ሲርባቸው ይበላሉ። አንተ ምን ቤት ነህ?»

ሀብታሙ ደወለ። ፌርፋክስ ሊደርስ ነው፤ ፈጠን ብዬ ታክሲ ብይዝ እደርስበታለሁ። አባባ ኬን ጠረጴዛው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ባዶ ሳህናቸውን ያያሉ። ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ልዘፍዝፍላቸውና እወጣለሁ አልኩ። ቅጠሉ ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው ቀስ በቀስ ቀለም ሲያወጣ ቆሜ አየሁት። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«የት ደረስክ?»

«እለፍ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ አበሰልኩ። አባባ ኬን ሁሉንም በሥርዓት ይበላሉ፤ ሲጨርሱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያመሰግናሉ። ሩዙ፣ ሾርባው፣ ነጩ ሥር። መንገዱ ተከፍቶ ሰው ወዲህ ወዲያ ይላል፤ እኔ ከምድጃው አልርቅም። አንድ ቀን አክስቴ ሽሮ በዕቃ አድርጋ አምጥታልኝ፣ ማጀት ቆሜ ስበላ የመራመጃ ብረታቸው ድምፅ ተሰማኝ። አባባ ኬን መጥተው ክዳኑን አነሱ፣ አሸተቱ፣ ተቀመጡና ማንኪያ ጠየቁ። ሙሉውን በሉት። ከዚያ ቃሪያ አለ ወይ አሉኝ።

«የለም» አልኳቸው።

«የፉሚ ምግብ ሁልጊዜ ጨው ያንሰዋል» አሉ፤ ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው ሳይኖር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እማማ ሌላ አይበሉም ብለውኝ ነበር እኮ። እሳቸው ታመው በተኙ ጊዜ እርስዎ በሻይ ብቻ እንደቆዩ ነግረውኛል።»

«ያኔ እንድትነሳ ብዬ ነው። ካልበላሁ እንደምትነሳ አውቅ ነበር። ተነሳች።» ማንኪያውን አጥበው ቦታው መለሱ። «አደራህን፣ አትንገራት።»

ያን ቀን ቁጭ ብዬ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። ሲያትልን የሰጠሁት ሽሮ ለሚበላ ሰው ነው።

እማማ ፉሚ ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር ተመለሱ፤ ካፖርቱ ከላያቸው ሊወድቅ ይደርሳል። ሳይቀመጡ ወደ ማጀት ገብተው ምድጃውን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«በላ?»

«በልተዋል።»

«ሁሉንም?»

አባባ ኬን ከሳሎን ሆነው ያዩኛል። «ሁሉንም» አልኩ። ሴትየዋ ያኔ ብቻ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲህ ያረፈ ፊት ከዚያ በፊት አይቼባቸው አላውቅም።

ሀብታሙ ያገኘልኝን ክፍል ሌላ ሰው ገባበት። እኔም ከዚህ አካባቢ ሳልወጣ ቀረሁ፤ ሥራ፣ ትዳር፣ ቤት፣ ሁሉም እዚሁ ሆነ። ባልና ሚስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የአባባ ኬንን አደራ ብናገረው የሚከፋው ሰው አልቀረም። ያም ሆኖ ለልጄ ስነግራት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

«ስለዚህ የቀረኸው በከንቱ ነዋ» አለችኝ ሰምታ ስትጨርስ።

አዎ እንዳልላት፣ እማማ ፉሚ ወንበር ስበው ሲቀመጡ አይቻለሁ። አይደለም እንዳልላት፣ አክስቴ ሽሮውን የዚያኑ ዕለት ትሠራላቸው ነበር። ስንት ዓመት ሰው ሲጠይቀኝ በረዶ ነው ያስቀረኝ እያልኩ አልፌዋለሁ። በረዶው እኮ ዓርብ ጠዋት ተጠርጓል። ታክሲ ነበር፣ ስልክ ነበረኝ፣ ሻንጣዬ በር ላይ ነው። ያልወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንዳልወጣሁ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ መሆን ነበረብኝ፣ እሱም የለም።

መሪውን ይዤ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ልጄ ትከሻዬን ነካችኝ።

«ዳድ፣ ኤግዚቱ አለፈህ።»

ቀጣዩ መውጫ ሩቅ ነበር። ወደ ፊት ነዳን።