የሚያቃስተው ላፕቶፕ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ያቃስት ጀመር። በራሱ ድምፅ የቀዳው መዝሙር እዚያ ውስጥ አለ። ልሰማው ስከፍተው ማራገቢያው ይጮሃል፣ መዝሙሩም በየቃሉ ይቆራረጣል።

ከጸሎት ቢቀሩ ከድግስ የማይቀሩት አክስቱ እትዬ ውዴ ከትክል ድንጋይ ከተማ መጥተው አንዴ አደመጡና ፈረዱ።

«ነፍሱ እኮ ነች። አርባውን በንፍሮ ሸኘሽው፤ እንዴት አታቃስት? ለሙት ዓመቱ በሬ ይጣል።»

«በሬ እንዳታርጂ፣ ዕቃዬን ለደብሩ ስጪልኝ ያለው እኮ እሱ ራሱ ነው።»

«የታመመ ሰው ምን የማይለው አለ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር ላፕቶፑን እያስከፈቱ ያሰሙብኝ ነበር። ከንፈር ይመጠጣል። እኔም የባሏን ነፍስ ያስራበች ሴት ሆንኩ።

በመጨረሻ ከፒያሳ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ጠራሁ። ገና ሲከፍተው «ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ተይዟል፤ ስለሚግል ነው የሚጮኸው» አለና የያዘውን ፈለገ። የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ተበላሽቶ፣ ፕሪንተሩን ያለ እረፍት ይፈልጋል።

«ፕሪንተሩ የት አለ?» አለኝ።

«ለደብሩ ሰጠነው፤ ለነፍሱ።»

ድራይቨሩን አጠፋው። ማራገቢያው ጸጥ አለ፤ ባለቤቴም መዝሙሩን ከነትንፋሹ እስከ መጨረሻው ዘመረ። እንባዬን ስጠርግ እትዬ ውዴ ወደ ባለሙያው ጠጋ አሉ።

«ሸጋ ሥራ ነው፣ የኔ ወንድም። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ብቻ ያጠፋኸውን መልሰህ ክተተው።»