ግንዱና መሐላው

የምንኖርበት የኮሊንግዉድ ሰፈር የመንግሥት ፎቅ ሊፈርስ ነው ከተባልን ወዲህ ልቤ አልረጋ ብሏል። የቤቶች ቢሮ ሰዎች ለጊዜው ራቅ ወዳለው ሜልተን ሂዱ፣ አዲሱ ሲያልቅ ትመለሳላችሁ ይሉናል። የልጄ ትምህርት ቤት ደግሞ እዚሁ እታች ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገብቼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ልጄ ክፍል ውስጥ የምታቀርበውን የጥንት ቻይና ታሪክ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ትለማመዳለች። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም።

"በአማርኛ በይልኝ እስቲ።"

"አንድ ሚኒስትር ነበር፣ ማሚ። አዲስ ሕግ ሊያወጣ ፈለገ፣ ሕዝቡ ግን መንግሥትን አያምንም። ስለዚህ ደቡብ በር ላይ ግንድ አቆመና፣ ይህን ሰሜን በር ላደረሰ ወርቅ እሰጣለሁ አለ። ማንም አልነካውም።"

"ማን ይነካዋል! ወጥመድ ነው።"

"ወርቁን ጨመረ። አንድ ሰውዬ ተሸከመው፤ እዚያው ሰጡት። ከዚያ ሁሉም አመነ።"

ዓይኔ ከደን ሲል ጉም እኛ ያለንበት አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ መስኮቱን ሞላው። ግንዱ እኔ ትከሻ ላይ ነው። እርጥብ ነው፣ ግን አይከብድም። ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ያየኛል። በሩ ይታየኛል፤ በሄድኩ ቁጥር ግን እሱም ቀስ ብሎ ይሄዳል። "ወርቁ ይቅር፣ የት ላውርደው?" እያልኩ እከተለዋለሁ።

በማግሥቱ ከቤቶች ቢሮ አንዲት ወጣት ፎርም ይዛ መጣች። ልጄ ታስተረጉማለች፤ እኔ ገና ከጉሙ አልወጣሁም።

"ትመለሳላችሁ ካለች፣ 'እናቴ ትሙት' በይ በያት።"

"ማሚ! ኖ ዌይ! እንዲህ አይባልም እዚህ።"

"አንቺ ተርጉሚ ብቻ።"

ፊቷ ቀልቶ ተረጎመችላት። የቢሮዋ ልጅ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"እናቴን እወዳታለሁ፣ አልልም አለች" አለችኝ ልጄ። "የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፣ እኔ አላውቅም ነው የምትለው።"

ፍርሃቴ እውነት ሆነ። ግን እኛ መሐላ የሚፈራ ሰው እናምናለን። ልጅቷን ያኔ አመንኳት።

"እንግዲያው ሜልተን ይቅርብኝ በያት። ጠባብም ይሁን፣ ልጄ በእግሯ ትምህርት ቤት የምትደርስበት ቤት ትፈልግልኝ።"

ልጅቷ ቃል በቃል ጻፈችው።

"እሞክራለሁ ነው ያለችው፣ ማሚ። ፕሮሚስ አላለችም።"

"ሰምቻለሁ" አልኩና ፎርሙ ላይ ፈረምኩ።