ሜሪ አበባ የምትወስድለት ሰውዬ

ሆፕኪንስ በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ በምንኖርበት ሕንፃ ሜሪ የምትባል አሮጊት ጎረቤት አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአባቴ ስም «ሚስተር ወልዴ» እያለች ስትጠራኝ፣ ማረሙ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ባለፈው ወር የከተማው መካነ መቃብር ቢሮ ድረስ በመኪናህ አድርሰኝ አለችኝ። ከጣሊያን በመጣው ቅድመ አያቷ በሳልቫቶሬ መቃብር ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ልታቆም ፈልጋ፣ ቢሮው ስሙ መዝገብ ላይ ካልተገኘ አይሆንም ብሏታል።

የቤተሰቡን ስም በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ጽፋ ይዛለች። መዝገቡን ተካፍለን አምስቱንም ፈለግን፤ የለም። ሜሪ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ግራ ገባኝና፣

«የሰውዬው አባት ማን ይባላል?» አልኳት።

«ካርሎ። ግን እሱ እኮ የሞተው ጣሊያን ነው፣ ሚስተር ወልዴ!»

«ግዴለሽም» ብዬ ካርሎ የሚለውን ገጽ ገለጥኩ። ሳልቫቶሬ ካርሎ! የሚስቱ ስም፣ የመጣበት መንደር፣ ስድስቱ ልጆች፣ ሁሉም ልክ ነው። ለካ ሰውዬው እንደ እኔ ስሙን ሲጠይቁት ከነአባቱ ተናግሮ ኖሯል።

ሜሪ ዘላ አቀፈችኝ። የቢሮው ጸሐፊም ካርታ አውጥታ መቃብሩን በጣቷ አሳየችን፤ ከአጥሩ ሥር፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ሜሪ የምታውቀው፣ አክስቷ ያሳየቻት መቃብር ግን በሩ አጠገብ ነበር። ካርታውን አየች፤ ዞራ እኔን አየችኝ።

«ሚስተር ወልዴ፣ ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት አበባ የወሰድኩለት ሰውዬ ማን ነው?»