የጋቢናው ወንበር

ትናንት አዲሱን መኪናህን በራችን ላይ አቁመህ የወንበሩን ፕላስቲክ ልትቀድ ስትል የጮኽኩብህ ተቆጥቼ አይደለም። በሩን ስትከፍተው ፀሐይ ያሞቀው የፕላስቲክ ሽታ ፊቴን መታኝ። ያ ሽታ ወዴት እንደሚወስደኝ አንተ አታውቅም። ሰው ምክንያቱን ሳይናገር መጮኽ የለበትም ብዬ ያስተማርኩህ እኔው ነኝና ምክንያቱን ልንገርህ።

ጊዜው የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ዕቃው ሁሉ በጅቡቲ በኩል መግባት የጀመረበት ነበር። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፤ ሲግናል አካባቢ የቀለም ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በራሴ ነው ያነበብኩት። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውንም ደንቡን በቃሌ ሸምድጄ አልፌ ነበር፤ የምነዳው መኪና ግን አልነበረኝም።

አንድ ቀን የሰፈራችን የጭነት መኪና ሾፌር ከጅቡቲ ሲመለስ የታላቅ ወንድሜን መልእክት ይዞ መጣ። ወንድሜ በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ለውትድርና ሲታፈስ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሆኖ በእግሩ ነበር የጠፋው። በኋላ እሱ ጅቡቲ ወደብ ላይ መካኒክ እንደሆነ፣ ጓደኛው ደግሞ በመርከብ ወደ ሌላ አገር እንደተሻገረ በሰው ልኮብናል። አሁን ያገለገለ ነጭ ፒክአፕ ገዝቶልን መጥቼ እንድወስደው ነው የሚጠራኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ቆይቷል። የሸሹት ልጆች አንድ በአንድ ተመልሰዋል፤ እሱን የሚከለክለው ነገር አልነበረም። ለምን እንዳልመጣ ማናችንም አናውቅም። እናቴ ስለ መኪናው ቀለም እንኳ አልጠየቀችም። “መኪናውን ተወው፤ ልጄን ይዘህልኝ ና” አለችኝ። የጓደኛው እናት ከእኛ የሚለያቸው አጥር ብቻ ነበር። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ “እሱ ከመጣ የልጄን ወሬ ከራሱ አፍ እሰማለሁ፤ በሰው የሚላክ ወሬ አላጠገበኝም” አሉ። በሄድኩበት ቀን ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተው ለመኑ። አንዷ ልጇን፣ አንዷ የልጇን ወሬ።

ጅቡቲ ስደርስ አየሩ ጨውና ናፍጣ ይሸታል። ወንድሜ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ እጆቹ ዘይት ጠጥተው አገኘሁት። ገና ሲያየኝ፣ “አንተ ልጅ፣ ጢም አበቀልክ እንዴ? ሹራብህን አውልቅ እንጂ፣ እንጦጦ መሰለህ?” ብሎ ሳቀብኝ። ተቃቅፈን ቆየን። ፒክአፑ ከኋላም ወንበር ያለው ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም የወንበሮቹ ፕላስቲክ አልተነሣም። ለምን እንዳልቀደደው ስጠይቀው፣ “እማዬ ትቅደደው” አለኝ። እኔም በልቤ፣ ይህ ሰው ሊመጣ ነው አልኩ። ለጉዞው አዲስ ነጭ ሸሚዝ ሲለብስ ደግሞ ጨርሼ አመንኩ።

እስከ ድንበሩ፣ እስከ ጋላፊ፣ እሱ ነበር የሚነዳው። በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። መንገዱ ግራና ቀኝ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሣር የለ፣ ጥላ የለ። መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ ይጠይቀኝ ነበር፤ የቆረጡት የባሕር ዛፍ መልሶ አቆጥቁጦ እንደሆነ፣ እነማን እንደተዳሩ። ድንበሩ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ምንም ባልተበላሸበት ቦታ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

“እዚያ ነው” አለኝ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ወደተከመረ ድንጋይ እየጠቆመ።

“ምኑ?”

ጓደኛውን ነበር የሚያሳየኝ። በመርከብ የሄደ የለም። ሲሸሹ ውሃ አልቆባቸው እዚያ ቀርቷል። ወንድሜ በእጁ ድንጋይ እየለቀመ ሸፈነው። ለእናቱ ደግሞ ተሻግሯል ብሎ ላከ። መጀመሪያ ሐዘኑን ለትንሽ ጊዜ ላዘገይላቸው ብሎ ነበር፤ ከዚያ ትንሹ ጊዜ ዓመታት ሆነ።

“ውሃውን እኩል ነው የጠጣነው” አለኝ። “ተኛን። እኔ ተነሣሁ፣ እሱ አልተነሣም። ለእናቱ ምን እላለሁ? እኩል ጠጥተን እኔ ተረፍኩ እላለሁ?”

“እሱኑ ትላለህ” አልኩት። “ነግረሃቸው አብረህ ታለቅሳለህ። ሌላ መንገድ የለውም።”

“ቀለም እየሸጥክ ቄስ ሆንክ እንዴ?” አለኝ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ። “አንተው ንገርልኝ።”

“እናት የልጇን ሞት አብሮት ከነበረው ሰው ነው መስማት ያለባት” አልኩት ጠንክሬ። ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ትክክል መሆኔ ግን ወንድሜን አላመጣልኝም።

ጋላፊ ላይ የመኪናው ወረቀት ታይቶ ማኅተም ተመታ። የኬላው ገመድ ወደ መሬት ሲወርድ ከኋላችን የተሰለፉት ከባድ መኪናዎች ጥሩምባቸውን ለቀቁት። “የማነው ፒክአፕ? አንሣ እንጂ!” ይላል አንዱ ፈታሽ። ወንድሜ ከመሪው ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝና በፊት ለፊት ዞሮ በጋቢናው በኩል በሩን ከፈተ። ሊገባ ነው ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ። እሱ ግን እጁን በወንበሩ ፕላስቲክ ላይ አንድ ጊዜ አሳረፈና፣ “ሂድ፣ ሰው አታስቁም” አለኝ።

በመስታወት ነጩን ሸሚዝ አየሁት፤ ወደመጣንበት ይሄዳል። ወርጄ ልከተለው አልኩ። ጥሩምባው ጮኸ፣ ፈታሹ በእጁ ገፋኝ። ወንድሜ በሩን እንኳ አልዘጋውም ነበር። ዞሬ ዘግቼው ገመዱን አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ርዝመቱ ዛሬም ያደክመኛል። ጎማው ጎድጓዳ በረገጠ ቁጥር ባዶው ወንበር ላይ ያለው ፕላስቲክ ሰው እንደሚመቻችበት ይንኮሻኮሻል። እየደጋገምኩ ዞር ብዬ አይ ነበር። ሚሌ ላይ ውሃ ስሞላ አንድ ሾፌር፣ “ጎበዝ፣ ብቻህን ነህ? ጋቢናህ ላይ አንድ ሰው ልጫንልህ፣ ታወራዋለህ” አለኝ። “ሰው አለበት” አልኩት። ወደ ውስጥ አየና ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። በረሃው አልቆ ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ያወለቅኩትን ሹራብ ለበስኩ። እሱ የሳቀበት ሹራብ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መንገዱ ለጊዜው አልታይ አለኝ።

የጉምሩኩ ነገር አልቆ የካ የደረስኩት ወደ ማታ ገደማ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ ነበር። የሰፈሩ ልጆች መኪናዋን ከበው ጮኹ። እናቴ እልልታ ጀመረችና መሐል ላይ አቋረጠችው። የጓደኛው እናት ግን እኔ ወዳለሁበት አልመጡም። በጋቢናው በኩል ሄደው በሩን ከፈቱና ወንበሩን አዩት።

“እሱስ?” አሉኝ።

“ቀረ፣ እማማ። ጋላፊ ላይ።”

“አሞት ነው?”

“አላመመውም።”

ፊቴን አዩት። “እኔን ፈርቶ ነው?”

ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ። መርዶ አንድ ጎረምሳ በመኪና መስኮት የሚናገረው ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ በማለዳ ተያይዞ ይኬዳል። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። የመኪናውን በር ውስጡ የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ ቀስ አድርገው ዘጉትና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ለሽማግሌዎቹና ለነፍስ አባታቸው ነገረች። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ ጉሙ ከእንጦጦ ሳይነሣ፣ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን። እርጥቡ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። መርዶ ነጋሪ በር አንኳኩቶ ባለቤቱን ከእንቅልፉ ነበር የሚቀሰቅሰው። የእሳቸው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ተጠርጓል፤ አግዳሚው፣ በርጩማው፣ ቤት ያለው ወንበር ሁሉ ወጥቶ ተደርድሯል። እሳቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው መሐል ላይ ተቀምጠዋል።

የነፍስ አባታቸው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ “ግቡ አባቴ፣ ቆመው አይቸገሩ። የት እንዳረፈ ብቻ ንገሩኝ” አሏቸው።

ቦታውን ያየሁት እኔ ስለነበርኩ እኔ ተናገርኩ። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ውሃው።

“እኩል ነው የጠጡት?” አሉኝ።

“እኩል ነው፣ እማማ።”

“እኩል” አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ነው ያለቀሱት።

ሐዘኑ ሲበርድላቸው ያንኑ የጭነት መኪና ሾፌር አስጠርተው፣ “አልቅሼ ወጥቶልኛል፣ ቂም የለኝም፣ ይግባ በለው” ብለው ላኩት። ሾፌሩ ወደብ ሲደርስ ወንድሜ ሥራውን ለቆ ሄዷል። በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ ያለ አለ፤ ያየው ግን አልተገኘም። እስከ ዛሬም አልተገኘም። የከፋ ወሬ ሲኖር ራሳችሁ አምጡልኝ፣ በሰው አትላኩብኝ እያልኩ ያሳደግኳችሁ ለዚህ ነው።

እናቴ ፕላስቲኩን አልቀደደችውም። በየዓመቱ ለሟቹ ልጅ መታሰቢያ ሁለቱን እናቶች እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አወጣቸው ነበር። የጓደኛው እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋልና “ጋቢና ይግቡ እማማ፣ ከኋላ ያንገላታዎታል” እላቸዋለሁ። እሳቸው ግን በእጃቸው ተደግፈው ከኋላ ይወጡ ነበር።

“እሱስ ባለቤት አለው” ይሉኛል። “መጥቶ ሰው ተቀምጦበት ካገኘ አልጠበቁኝም ይላል።”

ሁለቱም አልፈዋል። ፕላስቲኩ ማንም ሳይነካው ቢጫ ሆኖ ራሱ ተሰነጣጠቀ፤ መኪናዋም አርጅታ ተሸጠች።

የአንተን ቅደደው፣ ልጄ። እሑድ ጋቢና ተቀምጬ እንጦጦ ታወጣኛለህ። በሩን ግን ስትዘጋው ቀስ አድርገው።