ሽንቴን የለመነችኝ ጎረቤቴ

ጎረቤት ብዙ ነገር ለምኖኛል፤ እርሾ፣ ወንፊት፣ ክብሪት። ሽንት ስለመን ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ንፋስ መውጫ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ከጎረቤቴ ጋር ሳህን እናጥባለን። በረኪናው የሁለታችንንም እጅ ችፌ አድርጎት፣ እየተሰነጠቀ ይደማ ነበር። ቅባቱም ጠበሉም አላሻለንም። ኋላ ሐኪም ቤት የሚዋጥ መድኃኒት ሊሞከር ነው ሲባል ሁለታችንም ገባንበት። ሲስተሯ ሳንፈርም በፊት ደጋግማ ነገረችን፦ መድኃኒቱ ፅንስ ይጎዳል፤ እርግዝና መከላከል ግዴታ ነው፤ በየወሩ ሽንት ይመረመራል፤ ያረገዘች ወዲያው ታቆማለች። ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከማን ላረግዝ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው አለችኝ። እየተነጫነጭኩ ሸናሁላት።

የጎረቤቴ እጅ ዳነ። ለፋሲካ ዶሮዋን በሎሚና በጨው አሽታ ስታጥብ እህ እንኳ አላለች። ከዚያ በወሩ፣ በምርመራው ቀን ጠዋት፣ ክዳን ያላት ዕቃ በነጠላዋ ሸፍና ቤቴ መጣች። የወር አበባዋ ቀርቷል።

«እህቴ፣ ካወቁ ያስወጡኛል፤ እጄ ተመልሶ ሊሰነጠቅ ነው። እዚህ ላይ ሽኝልኝ፣ ምን ይጎድልብሻል?»

ደሜ ፈላ።

«ለእጅሽ ብለሽ ልጅሽን? ጠብታ አልሰጥሽም። ዛሬ ራስሽ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ።»

ምቀኛ አለችኝ። አልወለድሽ፣ ልጅ ምን እንደሆነ በምን ታውቂ አለችኝ። አንጀቴን ቆረጠችው፣ አልዋሽም። ግን እውነት ተናግሬ ከመሸበት አድራለሁ! ቀድሜያት ሄጄ ሲስተሯ በር ላይ ተቀመጥኩ። መጣች፤ አየችኝ፤ ገብታ ራሷ ተናገረች። መድኃኒቱን ያኔውኑ አስቆሟት፣ እስክትወልድም ተከታተሏት። እኔን ግን ዘጋችኝ። ሆቴሉ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ስናጥብ ሳህን እንኳ ከእጄ አትቀበልም ነበር።

ሴት ልጅ ወለደች። ለክርስትናዋ አልጠራችኝም። ሳልጠራ በዋዜማው ሄድኩ፤ ማን ይከለክለኛል? ሕፃኗን ከአልጋ አንስቼ ጣቶቿን ቆጠርኩ፣ ዓይኗን አየሁ፣ ጆሮዋን ነካሁ። ምንም አልጎደላትም። እናትየዋ ታየኛለች። እጇ ተመልሶ ተሰነጣጥቋል፤ የእኔ ግን መድኃኒቱን ስለጨረስኩ ለስልሷል።

«ገላዋን አንቺ እጠቢያት» አለችኝ በመጨረሻ። «የኔ እጅ ይቧጭራታል።»

እንኳን ከለከልኩሽ አልኳት፣ ፊት ለፊት። ውሃውን ለብ አድርጌ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።